ቃሬዛው የወረደበት

አዘዘ የሚስቱን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ከባሕር ዳር በሚመጣው መንገድ ላይ ዓይኑን ተክሏል። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አስፋልቱ ዳር ያወረዱት እሱ ራሱ «አምቡላንሱ ተነሥቷል ብለውኛል፤ እዚሁ እንጠብቀው» ስላላቸው ነበር። እሷ እሱ የለበሰውን ጋቢ ጫፍ በጣቶቿ ጠቅልላ ይዛ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች።

«ተሸክመናት ብንሄድ አይሻልም?» አለ አንደኛው፣ ከቃሬዛው ሥር ጠጠሩን የሚያርሰውን ደም እያየ።

«መጣ አሉ እኮ!» ሲል አዘዘ ጮኸበት።

ከደንገሉ ባሻገር ጣና ጸጥ ብሏል። ጥቂት ቆይቶ እሷም ዝም አለች። ምጡ ፋታ የሰጣት መስሎት ደስ አለው።

አምቡላንሱ እየጮኸ ደረሰ። ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ፣ «ነዳጅ የሚፈርምልን ኃላፊ ስብሰባ ሄዶብን ነው የዘገየሁት» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንገቷን ዳሰሰና ኮፍያውን አወለቀ።

«ወንድሜ፣ አምቡላንስ ሬሳ አይጭንም።»

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አንሥተው ወደ መንደሩ ሊመለሱ ተጠጉ። አዘዘ ሊነሣ ሲል ጋቢው ከጣቶቿ አልላቀቅ አለው። አውልቆ እስከ ገፋው ሆዷ ድረስ አለበሳት።

«በሉ እንግዲህ» አላቸው፣ «መንገድ ላይ ሁለቱንም እንዳታወርዱብኝ።»