ደብዛዛዋ መስመር

ትናንት በእርግዝና መመርመሪያው ላይ የታየችው ሁለተኛ መስመር በጣም ደብዛዛ ነበረች። ዛሬ ጠዋት ማክሬታን ደም ፈሰሳት፤ በአዲሱ መመርመሪያም አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ይሄኛው ፅንስም እንደ በፊቶቹ ሄዷል። አላለቀሰችም። ከመንደሩ ሴቶች ጋር ዓሣ ልታጠምድ ወደ ባሕሩ ወረደች።

መረቡ ደጋግሞ ባዶውን ወጣ።

«እርግዝናዋን የደበቀችን አለች፤ ዓሣው የሚሸሸን ለዚህ ነው። ኧረ ተናገሪና ዓሣው ይመለስ፤ የተቀቀለው ካሳቫ ያለ ዓሣ አይበላም» አለች የባሏ እህት አሉሚታ እየሳቀች።

«እኔ ነበርኩ» አለች ማክሬታ። «ዛሬ ጠዋት ግን አስወረደኝ።»

ሴቶቹ መረቡን እንደገና ጣሉት፤ አሁንም ባዶ ነው።

አሉሚታ መሳቋን ተወች። «የኔ እህት፣ ነግረሽንም ዓሣው አሁንም ይሸሻል፤ እስቲ ‹ሆዴ ውስጥ አለ› በይ» አለቻት ቀስ ብላ።

«ሆዴ ውስጥ አለ» አለች ማክሬታ፣ እንደታዘዘች።

መረቡን እንደገና ጣሉት። ሲስቡት ገመዱ እጇ ላይ ከበደ፤ መረቡ ውስጥ ዓሣ ይንፈራገጥ ነበር።