የጫቱ መጫኛ

«ረዲያ እህቴ፣ እጅሽን ከሱ ላይ አንሺ። ቀስ ብለሽ።»

ደጀን ድሮ ወታደር ነበር፤ አሁን ጭሮ ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ ከረዲያ ሸራ ስር ጫት ሳይገዛ የሚውልበት ቀን የለም። ሌላ ጊዜ ቀልዱ አያልቅም፤ ዛሬ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኑን የተከለው ጫቱ ላይ አይደለም፤ እርጥቡን ጆንያ ነፋስ እንዳይገልጠው ረዲያ ከላይ የጫነችው ዝገታም ብረት ላይ ነው።

ብረቱን ባሏ ቦርደዴ ወርዶ ማሳ ሲቆፍር አግኝቶ ያመጣላት ነው። ከበድ ያለ፣ ሞላላ፣ ለእጅ የሚመች። ጎረቤት ነጋዴዎች ይቀኑባት ነበር እኮ!

«የሞርታር ጥይት ነው» አለ ደጀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በድሮው ጦርነት ሳይፈነዳ የቀረ።»

ረዲያ እጇን ሰበሰበች። ለካ እባብ ታቅፋ ነው የምትውለው። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ልጇ ዩስራ እዚያው ጆንያ ላይ ጭንቅላቷን ጥላ ተኝታለች፤ ብረቱ ከጆሮዋ ስንዝር አይርቅም።

የእናት አንጀት አልቻለም፤ ብረቱን አፈፍ አድርጋ ቦይ ውስጥ ልትወረውረው እጇን ሰደደች። ደጀን ክንዷን ያዘ። መንካት የለም፣ ማንሳት የለም፣ መወርወርማ ጭራሽ፤ ልጅቷ ትውጣ፣ ሰዉ ይራቅ፣ ከዚያ ፖሊስ ይጠራ አላት።

ዩስራ ደግሞ ስትነቃ መንጠራራት ልማዷ ነው። ከተንጠራራች ጆንያው ይንሸራተታል፣ ብረቱም ይወድቃል። ረዲያ ተንበረከከች፤ ጨቅላ ሳለች ታደርግላት እንደነበረው መዳፏን ከልጇ ጉንጭ ስር አስገባች። ትንፋሿን ራሷ ፈራችው።

«ዩስራዬ፣ ኮቱ፣ ነይ። እንዳትንጠራሪ የኔ እናት። ቀስ ብለሽ ወደ እኔ።»

ዩስራ ዓይኗን ገለጠች። የእናቷን ፊት ስታይ ሳትንጠራራ ቀስ ብላ ቀና አለች። ጭንቅላቷ ሲነሳ ጆንያው ረገብ አለ፤ ብረቱ ወደ ጠርዙ ተንከባለለ፣ ከዚያ ቆመ።

ተያይዘው አስፋልቱን ተሻገሩና ከግንብ አጥር ኋላ ተጠጉ። ደጀን ገበያተኛውን እየጮኸ ያርቃል። ረዲያ የልጇን ሆድ በሁለት እጇ ይዛ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ አለች።

ቀና ስትል ሸራዋን የወጠረው ካስማ በሩቁ ታያት። አናቱ ተቀጥቅጦ ተዘርግቷል። መሬቱ ደረቅ ነው፤ በየጠዋቱ በዚያው ብረት እየመታች ነው የምትተክለው።

ዛሬም መታችው። ካስማውን ይዛላት የነበረችው ዩስራ ናት።