የፒራሚዱ ሠሪዎች ስም

ድንጋይ በጥንት ጊዜ የሰማውን ድምፅ ማዳመጥ ከተቻለ ወዲህ፣ አድማጩ ባዳመጠ ቁጥር የገዛ ጆሮው ይደክማል። ፈትለወርቅ አሥራ አንድ ዓመት አድምጣለች። ቤቷ ውስጥ ሻይ መፍላቱን የምታውቀው ክዳኑን በጣቷ ነክታ ነው፤ ልጇ ትርሲትም የምትነግራትን በወረቀት ትጽፍላታለች።

ፈትለወርቅ የፒራሚድ ድንጋይ አድምጣ እንድትመሰክር በተጠራችበት የካይሮ ክርክር፣ ተከራካሪው ዶክተር ናሆም፣ «ፒራሚድን የሰው ክንድ አልሠራውም፤ ከሰማይ የመጡ ፍጥረታት ናቸው» ብሎ አዳራሹን አስጨበጨበ።

ትርሲት ጻፈች፦ «እማዬ፣ ይቅርብሽ። አንድ ጊዜ ከጨመርሽ ጭራሽ አትሰሚም።»

«እስቲ በጆሮዬ እማዬ በይኝ» አለቻት ፈትለወርቅ።

ትርሲት ተጠግታ ጮኸችላት። እናትየው ፈገግ ብላ ወደ መድረኩ ወጣች፤ ከፒራሚዱ በመጣው ድንጋይ ላይ ጆሮዋን አሳረፈች። በምታውቀው ጥንታዊ ቋንቋ አንድ አለቃ፣ «አሸዋውን አርጥቡ! ሳቡ!» ሲል፣ ሰዎቹን በየስማቸው ሲጠራ፣ አንዱን ስለ ቆሰለው ትከሻው ሲጠይቅ፣ እነሱም እያለከለኩ አቤት ሲሉ ሰማች። ከዚያ የአዳራሹም ድምፅ ሳይቀር ሁሉም ዝም አለባት።

ናሆም ወረቀት አቀበላት፦ «እነማን ነበሩ?»

«ሰዎች!» አለች፤ ድምጿ አዳራሹን ሞላው። «ኢቢ! ሰነብ! ነፈር! ትከሻው የቆሰለው ሁኒ!»

ሕዝቡ ተነሥቶ ስማቸውን አብሯት ጠራ። ከሁሉም ቀድሞ የተነሣው ናሆም ነበር።