አምሳለን ያስቆጣት ጥያቄ

«እኔ የመጣሁት ለሑቡብ፣ ለእንክብል ነው... በወር አበባዬ አንቺን ምን አገባሽ!»

አምሳለ ጮኸች።

ክሊኒኩ ውስጥ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ቦታው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው።

አምሳለ ከባሏ ከእንዳለው ጋር ከመተማ በገላባት ተሻግራ ሰሊጥ ለማጨድ የመጣች ሠራተኛ ናት።

ትኩሳት ይዟታል... መገጣጠሚያዋን ይቆረጣጥማታል... ላብ ያጠምቃታል።

አብራት የምታጭድ ሴት እንዲሁ አሟት «ዶክሲሳይክሊን» የሚባል እንክብል ወስዳ ድናለች። አምሳለም የፈለገችው ያንኑ ነው።

«እሷን ያዳነ መድኃኒት እኔን ይገድለኛል እንዴ?... ወደ እርሻው የሚመልሰን ሎሪ ጥሎኝ ሊሄድ ነው እኮ!»

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ነርስ ማስተዋል ትባላለች። ወላጆቿ ጎንደሬዎች ናቸው፤ እሷ ግን ያደገችው እዚያው ሱዳን ነው።

ማስተዋል በዚያች ሰዓት ፈተና ላይ ነበረች...

ሐኪም በማይገኝበት ቦታ ነባር ነርሶች ራሳቸው መድኃኒት እንዲያዙ የሚያበቃ ሥልጠና እየወሰደች ነው። መምህሯ ዶክተር አማል ከኋላዋ ቆማ ታያታለች።

ዶክተር አማል ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት ሱዳናዊት ናት። የምታስተምረው ስለ መድኃኒት ነው... ምን እንደሚያድን፣ ምን እንደሚጎዳ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ።

ተማሪዎቿ ይፈሯታል።

የመድኃኒቱን ስምና መጠን በቃልህ ብትወጣው አይደንቃትም። «በሽተኛውን ጠየቅኸው?» ነው የምትልህ።

«ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? የማይስማማው አለ? ሴት ከሆነች እርጉዝ ናት?... ሳትጠይቁ የጻፋችሁት መድኃኒት በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ነው። ማንን እንደሚመታ አታውቁም።»

አንዷን ጥያቄ የዘለለ ተማሪ... ቀልድ የለም፣ ወደቀ!

ማስተዋል ከዚህ በፊት ወድቃለች።

አሁን ደግሞ በሽተኛዋ እየጮኸችባት ነው።

ተነሥታ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እህት ዓለም... አትቆጪኝ። ይህ መድኃኒት ለእርጉዝ አይሰጥም። የጠየቅሁሽ ለዚያ ነው።»

የአምሳለ እንባ ወረደ...



«እኔ መቼ ወልጄ አውቃለሁ? መኻን ናት ብለው የባሌ ዘመዶች ሌላ ሊድሩለት ሲሉ አይደል ተያይዘን የወጣነው... የወር አበባዬ እንደሁ ከቀረ ሰንብቷል። ድካሙ ነው፣ ፀሐዩ ነው ብዬ ተውኩት።»

ማስተዋል የሽንት ምርመራ አዘዘች።

ውጤቱ መጣ...

አምሳለ እርጉዝ ናት!

ማስተዋል ባሏን አስጠርታ ስትነግረው እንዳለው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ድገሚልኝ እስቲ... ድገሚልኝ» ይላት ነበር።

ሕመሟም በደም ምርመራ ተለየ። ካልፈላ ወተት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ካልታከመ ደግሞ ለፅንሱም አደገኛ ነው። ስለዚህ ማስተዋል ከመምህሯ ጋር ተማክራ ለእርጉዝ የሚሆን ሌላ መድኃኒት አዘዘችላት።

የሚገርመው ነገር... ዶክተር አማል አማርኛ አትሰማም። ሁለቱ ሲነጋገሩ አንድ ቃል አልገባትም።

በኋላ ማስተዋልን እንዲህ አለቻት፦

«ምን እንዳለችሽ አላወቅሁም። ያየሁት እጅሽን ነው። ያን ያህል እየጮኸችብሽ መልሷን ሳታገኚ ብዕር አላነሣሽም። አልፈሻል።»

ወራት አለፉ...

አምሳለ ወንድ ልጅ ታቅፋ ወደ ክሊኒኩ መጣች።

በማስተዋል እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ነርሷ ያዘቻት።

«እኔን ተይኝ... ይልቅ ነይ፣ ያስተማረችኝን ሐኪም ላሳይሽ።»

ዶክተር አማል ለአዳዲስ ሠልጣኝ ነርሶች እያስተማረች ነበር። አምሳለ ገብታ ጉልበቷን ልትስም ዝቅ አለች።

መምህሯ ብድግ አደረገቻት። ሕፃኑን አየችው...

ያቺ ሁሉም የሚፈራት ሴት ተማሪዎቿ ፊት ማልቀስ ጀመረች!

በዐረብኛ ተናገረች። ማስተዋል ለአምሳለ ተረጎመችላት።

«በወጣትነቴ ታምሜ ሐኪም ቤት ሄድኩ። መድኃኒት ጻፉልኝ። እርጉዝ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም... እኔም አላወቅሁም። ፅንሱን አጣሁት። ከዚያ ወዲህ አልወለድኩም። ይህን ትምህርት የመረጥኩት ያኔ ነው... ሌላዋ ሴት እንድትጠየቅ ብዬ።»



 አምሳለ ልጇን ከዕቅፏ አውጥታ በዶክተር አማል ክንድ ላይ አስተኛችው።

ከዚያ ማስተዋልን «ንገሪልኝ» አለቻት። «ዱክቶራ... ይህ ልጅ የእርስዎም ነው በይልኝ።»

ዶክተር አማል ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆየች...

እንባዋን ጠረገችና ወደ ነርሶቹ ዞረች።

«ይህን ልጅ ቢያተኩሰው፣ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት ምን ማወቅ አለባችሁ?»

«ክብደቱን!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ሚዛኑን አምጡ!»

ወዳጆቼ...

አንዳንድ ሰው የደረሰበትን ጉዳት በሌላው ላይ ይወጣዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሌላው እንዳይጎዳ ዕድሜ ልኩን ዘብ ይቆማል።

ሐኪም ቤት ጥያቄ ሲበዛባችሁ አትቆጡ፤ እውነቱን ንገሯቸው። ጎረቤትን ያዳነ መድኃኒት ሁሉ እናንተን ያድናል ብላችሁም አትውሰዱ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... በጥብቅነቱ አስመርሯችሁ ኋላ ላይ ግን «እግዜር ይስጠው» ያላችሁት መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ማን ነው?

ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉት... አብረን እናመስግነው 🙏