ከሶላሮቹ ሥር የወጣችው ጀልባ

ባሏ ላምቢሶ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ከነጀልባው ሐይቁ ከዋጠው ሰባት ዓመት ሆነው። አስከሬኑ አልተገኘም። ሐይቁ ላይ ተንሳፍፈው መብራት የሚያመነጩት ሶላሮች ሲተከሉ፣ እነሱን ለማጠብ ተቀጠረች። ጥቁር ልብሷን ግን አላወለቀችም።

ዛሬ የሶላሮቹን መልሕቅ ሊፈትሽ የገባው ጠላቂ ዋናተኛ አንዲት ጀልባ በገመድ አስጎትቶ አወጣ። የጀልባዋን ጎን አረንጓዴ የቀባችው ሴትዮዋ ራሷ ነበረችና ወዲያው አወቀቻት።

«ድንጋይ ሞልቶ፣ ወለሏን በመጥረቢያ በስቶ!» አለ ጠላቂው እየሳቀ። «ሰውዬው ሆን ብሎ ነው ያሰጠማት። እሱ ዋኝቶ ወጥቶ ሄዷል። የማን ትሆን፣ እትዬ?»

ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ነክራ ጨመቀች።

«እንጃ» አለች። «የባሌ ጀልባ ከሱ ጋር ነው የቀረችው።»

ወደሚቀጥለው ሶላር ተሻገረች።