ጢሞ የመነዘረው ገንዘብ

ባቡር ቆም ካለ ቀድሞ መውረድ የባል አመል ነው። ድንበር ላይ ፓስፖርታቸው ማህተም ከተመታበት ወዲህማ አርፎ አልተቀመጠም፤ "ይኸው ገባን" እያለ ሻንጣ ሲያወርድ ነበር። ሚስት ጫማዋን በወጉ ሳታስር ተከተለችው። እሷም ብትሆን ቸኩላለች።

ልጃቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ነው። "እማዬ፣ ከመግባቴ በፊት ፊትሽን ልየው" ብላ በስልክ ስታለቅስ፣ ከአገር ወጥተው የማያውቁት ባልና ሚስት ብድግ አሉ። እግረ መንገዳቸውንም ዓለምን ሊያዩ ነው።

ከጣቢያው ኪዮስክ ውሃ አነሱ። ባል ከደረት ኪሱ አዲስ ኖት መዝዞ ሰጠ። ሻጩ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ራሱን ነቀነቀና ውሃውን መልሶ ወሰደ።

"ምን ሆነ?"

"ዝርዝር የለውም ይሆናል" አለ ባል።

ባለታክሲው ግን የዝርዝር ነገር አላነሳም። ልጃቸው የጻፈችላቸውን አድራሻ አንብቦ ሳቀ። ገንዘቡን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰና ወደ ሐዲዱ ጠቆመ።

"በባቡር ነው የመጣችሁት ወይ ማለቱ ነው" አለ ባል። "አዎ! በባቡር!"

ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሚስት ወደ ባሏ ዞረች። "ለመሆኑ ማን ነው የመነዘረልህ?"

ባል ጉሮሮውን ጠራረገ። "ጢሞ።"

"ጢሞ! ያ በማግስቱ የቆመ ሰዓት የሸጠልህ ጢሞ?"

"ጓደኛዬ እኮ ነው።"

"ፎርጅድ አሸክሞሃላ! ልጄ እዚያ ተኝታ እማዬ እማዬ ትላለች፣ አንተ ጡረታህን ለሌባ አስረክበህ!"

ባል ስልኩን አወጣ። ልጃቸው የላከችው ሲም ካርድ አሁንም ኔትወርክ አልያዘም። ባቡሩ ከኋላቸው እንደቆመ ነው፤ አብረዋቸው የመጡት ሰዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ንፋስ ይቀበላሉ። ሚስት አየቻቸውና፣ እነዚህ ደግሞ ምን ዓይነት ሰነፎች ናቸው፣ አለች በሆዷ።

አንዲት የጣቢያ ጥበቃ በስልክ እያወራች አለፈች፤ ያውም በእነሱው ቋንቋ። ሚስት ክንዷን ለቀም አደረገች።

"ልጄ፣ በፈጠረሽ! ባሌን ጓደኛው ጉድ ሠርቶታል። ፎርጅድ ይዘን መጣን። ማሰሩ ይቆያል፣ መጀመሪያ ልጄ ጋ አድርሱኝ!"

"እስቲ ይረጋጉ፣ እማማ። ያምጡት ልየው።"

ጥበቃዋ ኖቱን ወደ ብርሃን አንስታ አገላበጠችው። ቀጥላ አድራሻውን ተቀበለች። ባል ላቡን ጠረገ፤ ጢሞን ካገኘው ጢሙን እንደሚነጭለት በልቡ ማለ። ፊሽካ ተነፋ። ባቡሩ ተንገጫግጮ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸውን ከጥበቃዋ ፊት አልነቀሉም።

እሷ ግን የምታየው ባቡሩን ነበር።

"ገንዘቡስ ደህና ነው፣ እማማ፤ የሚሠራው ግን ይኼ ባቡር በሚሄድበት አገር ነው።"