ጡቡ የያዘው

በአሜሪካ ደቡብ፣ በሳቫና ከተማ፣ የድሮ ቤቶች ጡብ የሰማውን መልሶ መናገር ከጀመረ ወዲህ፣ የሃርግሮቭ ቤተሰብ ቀትር ሲደርስ ሳህኑን ይዞ ግቢ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ከማድ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ አንዲት የጥንት ባሪያ ስትገረፍ ትሰማለች።

«ሚስ ቨርዴል፣ ግድግዳውን በኖራ ድፈኚልን» አለ ሃርግሮቭ እየወጣ። «ቅርስ ነው ብለው ማፍረስ ከለከሉን፤ ልጆቼ ደግሞ ምግብ እምቢ አሉ።»

ኖራ አንዴ የተመረገበት ጡብ ዳግመኛ አይናገርም። መራጊዋ ቨርዴል ግን ሳታዳምጥ የደፈነችው ግድግዳ ኖሮ አያውቅም፤ በልቧ ጸልያ ቆመች። ጅራፉ ሥጋ ቀደደ፣ አጥንት ነካ፤ ጩኸቱም ቀስ በቀስ ወደ ማቃሰት ወረደ። ዝም ካለ በኋላ፣ ደም ያፈነው ሹክሹክታ ከጡቡ ወጣ።

«ፊቢ፣ አይዛክ፣ ትንሿ ሄስተር… ጌታ ሆይ፣ የሸጡብኝን ልጆቼን አትርሳብኝ።»

ቨርዴል የቦካውን ኖራ ከነባልዲው አውጥታ ግቢው ላይ ደፋችው።

«ምነው ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?»

«ከነገ ጀምሮ ምሳችሁን ውስጥ ብሉ» አለችው። «ጥላችኋት የምትወጡት ተናግራ ሳትጨርስ ነው።»